«ከወዴት መጣህ?»

በምሥራቅ ሱዳን ድንበር አካባቢ ለሚኖር ሰው «ከወዴት መጣህ?» ከሚለው ይበልጥ የሚያዘወትረው ጥያቄ የለም። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት የሚሻገር ይጠየቃል፤ ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ የሚጓዝ መንገደኛ በየኬላው ይጠየቃል፤ በስደተኞች ሰፈር መዝገብ ስሙን የሚያስገባ ቤተሰብ ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹ ኤርትራውያን ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ሱዳን ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ፣ ኋላም ኡም ጋርጉርን የመሳሰሉ ሰፈሮች ከተመሠረቱ ወዲህ፣ ይህ ጥያቄ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላልፏል። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለወታደሩ የሚነገረው ለመዝጋቢው አይነገርም፤ ለመዝጋቢው የተነገረው ለአሠሪው አይነገርም። ብዙ ጊዜ የተጠየቀ ሰው የማይጎዳውን መልስ መርጦ መናገር ይለምዳል።

ይኸው ጥያቄ ሆስፒታል ውስጥ ሲጠየቅ ሌላ ፍቺ አለው። በዚያ የሰው ሕይወት በመልሱ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። በሰው አገር ሆስፒታል ልምምዱን የሚጀምር የሕክምና ተማሪ ከሚማራቸው ነገሮች ሁሉ ምናልባት ከባዱ ይህ ነው፤ ኬላው ላይ የሚያስፈራውን ጥያቄ በአልጋ አጠገብ የማያስፈራ አድርጎ መጠየቅ።

ተማሪው ወደ ልምምዱ ሲመጣ ባዶ እጁን አይደለም። የአካል ክፍሎችን ስም በቃሉ ያውቃል፤ የመድኃኒቶችን መጠን በማስታወሻ ደብተሩ አስፍሯል፤ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ የልብ ማዳመጫውን በአንገቱ አንጠልጥሏል። የተማረባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በገዳሪፍ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛው ሰው ግን በእንግሊዝኛ አይታመምም። አንዱ ትኩሳቱን በአረብኛ «ሑማ» ይለዋል፤ ሁለተኛው በትግርኛ «ረስኒ» ይላል፤ ሦስተኛው በአማርኛ «ንዳድ ያዘኝ» ይላል። ከእነርሱም ጎን በሃውሳና በበጃ ቋንቋ የሚያቃስቱ አሉ። ጠዋት ሲኒየር ሐኪሙ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወረ በሚያደርገው ጉብኝት ላይ ተማሪው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር የበሽታውን ስም አይደለም። «የዚህን ሰው ታሪክ ንገረኝ» ይባላል። በሕክምና ቋንቋ የሕመም ታሪክ የሚባለው፣ ተማሪዎቹም በእንግሊዝኛው ስም «ሂስትሪ» የሚሉት ነው። መቼ ጀመረ? እንዴት ጀመረ? ምን ያባብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል? ደግሞስ ሕመምተኛው የት ነበር? ምን ሲሠራ ነበር?

ታሪኩን መቀበል ቋንቋን ከማወቅም ያልፋል። በገጠር አማርኛ «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ከጡቱ በታች፣ በጨጓራው ላይ ነው። አስተርጓሚው ቃሉን ብቻ ወደ አረብኛ ከመለሰው ተማሪው የልብ ምት ሲያዳምጥ ይውላል፤ የታመመው ግን ጨጓራ ነው። ስለዚህ አዋቂዎቹ ተማሪውን «አፉን ብቻ ሳይሆን እጁን ተመልከት» ይሉታል። «የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል። አስተርጓሚው የሕመምተኛዋ ልጅ ወይም የባሏ ወንድም በሆነ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እናት በልጇ አፍ፣ ሚስት በዋርሳዋ አፍ የማትናገረው ነገር ብዙ ነው። ያልተነገረው ነገር በካርዱ ላይ አይጻፍም፤ በካርዱ ላይ ያልተጻፈ ሕመም ደግሞ ሳይታከም ይቀራል።

«የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ በይበልጥ የሚታወቀው በዚህ አገር በካላዛር ነው። የገዳሪፍ ምድር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በረሀድና በአትባራ ወንዞች መካከል ባለው ሜዳ፣ በአካባቢው አረብኛ ጠልሕ የሚባለው ግራርና ፍሬው ላሎብ የሚባለው ዛፍ በሚበቅሉበት ሥፍራ፣ የአሸዋ ዝንብ የሚባል ከትንኝ ያነሰ ነፍሳት ይኖራል። ቀን በመሬቱ ስንጥቅ ተጠልሎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ይነድፋል። ክንፉ ድምፅ የለውም፤ የተነደፈው ሰውም ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። በንድፊያው የሚገባው ጥገኛ ተሕዋሲ ለወራት በዝምታ ከቆየ በኋላ ከ2 ሳምንት የሚያልፍ ትኩሳት ያስነሣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ደምን ያሳንሳል። ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ሕሙማን ይገድላል።

በሽታው የሚያጠቃው የሜዳውን ነዋሪ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ከኢትዮጵያ ደጋ እየወረዱ በሁመራ፣ በመተማና በገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች አረም የሚያርሙ፣ አዝመራ የሚያጭዱ የወቅት ሠራተኞች አሉ። ሌሊቱን የሚያሳልፉት በሜዳ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አጎበር የሚይዙ ጥቂቶች ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ደመወዛቸውን ይዘው ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ትኩሳቱ የሚነሣባቸው አንዳንድ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ከእርሻው ብዙ ርቀው ሳለ ነው። በደጋው ከተማ ያገኛቸው ሐኪም «ያለፈውን ክረምት የት አሳለፍክ?» ብሎ ካልጠየቀ ትኩሳቱን ለማንኛውም ትኩሳት በሚሰጠው ስም ይጠራዋል።

ይህ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚነገር ብቻ አይደለም፤ የሆነ ነው። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ሰዎች በማይበርድ ትኩሳት ይሞቱ ጀመር። አካባቢው ካላዛር የሚታወቅበት አልነበረም፤ ቆላም አይደለም። ስለዚህ በሽታው ለመድኃኒት የማይበገር ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ሕሙማኑ የወባ መድኃኒት ዋጡ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ደማቸው በተገቢው መንገድ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ በሚቀጥሉትም ሁለት ዓመታት ከ2 ሺህ በላይ ሕሙማን ታከሙ። በሽታው ወደ ደጋው የገባው ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሥራ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር እንደሆነ በብዙዎቹ ተመራማሪዎች ይታመናል። ከእነዚህ ሕሙማን የመጀመሪያዎቹ በደጋው ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲቆሙ ጥያቄው በጊዜው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሞት ሁሉ ባይቀር እንኳ ብዙው ይቀር ነበር።

በገዳሪፍ ደግሞ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። በዚህ ምድር ወባም ካላዛርም ስላሉ አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ደሙ ሲመረመር ወባ ይገኝበታል፤ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ለጥቂት ቀናት የተሻለው ይመስላል፤ ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል። ወባ ማግኘቱ እውነት ነው፤ ያልተፈለገው ሁለተኛው በሽታ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ የደም ጠብታ የሚሠራው ፈጣን የካላዛር ምርመራም በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ ሕሙማንን ይስታል። ስለዚህ ተማሪው በወረቀቱ ውጤት ብቻ መርካት እንደማይገባው፣ የጣፊያውን መጠን በእጁ ዳስሶ፣ የሰውየውን ታሪክ በጆሮው አድምጦ ማመዛዘን እንደሚኖርበት ይማራል።

ሕክምናው ራሱ በብዙ ዓመታት ልፋት ተሻሽሏል። ቀድሞ ሕመምተኛው ለ30 ቀናት በየዕለቱ መርፌ ይወጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም የተመሠረተውና የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት የምርምር መረብ ከአጋሮቹ ጋር ባካሄደው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው ለ17 ቀናት የሚሰጡበት ሕክምና ተመከረ። የጥናቱ ሥፍራዎች የገዳሪፍንና የጎንደርን ሆስፒታሎች ያካትቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄደ ጥናት ውጤት የ14 ቀን ሕክምና አማራጭ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ በአፍ የሚዋጥ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የቱንም ያህል ቢሻሻል የሚጀመረው በሽታው ሲታወቅ ነው፤ በሽታው የሚታወቀውም ሐኪሙ ሲጠረጥር ነው፤ ሐኪሙ የሚጠረጥረው ደግሞ ሕመምተኛው የት እንደነበረ ሲነግረው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጥንቱ የግሪክ ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ ሥፍራ የተጻፈ ነው። ሐኪም ወደማያውቀው ከተማ ሲደርስ በመጀመሪያ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፣ ሰዎቹ የሚጠጡት ውኃ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መሬቱ ምን እንደሚመስል፣ ነዋሪው እንዴት እንደሚኖር ይመረምር ዘንድ ያስተምራል። መጽሐፉ ሐኪሙን እንግዳ አድርጎ መቍጠሩ ያስደንቃል፤ አዲስ መጤ መሆኑን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ምርመራ መነሻ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1700 ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከጥንቱ በተወረሱት ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምሩ ሐኪሞችን መከረ። በገዳሪፍ እርሻ ለሚውል ሰው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ናቸው፤ ሥራውን የተናገረ ያደረበትን ተናገረ ማለት ነው።

ታዲያ ሕመምተኛው ለምን አይናገርም? መልሱ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ነው። የሱዳን የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ሰፈር ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። እርሻ ለመቀጠር ያለ ፈቃድ የወጣ፣ ድንበሩን በጫካ የተሻገረ፣ መታወቂያው ያለፈበት ሰው «ከወዴት መጣህ?» ሲባል የሚሰማው የሐኪሙን ድምፅ አይደለም፤ የኬላውን ነው። ስለዚህ የቅርቡን ይናገራል፤ «ከዚሁ ከከተማው ነኝ» ይላል። ተማሪው ይህን በካርዱ ይጽፋል። በዚያች ቅጽበት ከፖሊስ የዳነው ሰው ከሐኪሙ እጅ ያመልጣል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ጥያቄውን አይተወውም፤ አጠያየቁን ይለውጣል። በአልጋው ራስጌ ቆሞ ከመጠየቅ ይልቅ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ካርዱንና እስክሪብቶውን ለጊዜው ያስቀምጣል፤ የሚጻፍ ነገር ያየ ሰው ይጠነቀቃልና። ከጥያቄው በፊት ምክንያቱን ይናገራል፤ «ወንድሜ፣ ይህን የምጠይቅህ ትኩሳትህ ከየት እንደያዘህ ለማወቅ ነው፤ ለማንም አይነገርም» ይላል። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «አባባ» ወይም «እማማ» ብሎ በ«እርስዎ» ይጠይቃል። የአገሩን ስም ትቶ ስለ አዳሩ ይጠይቃል፤ «ያለፈውን ክረምት ሌሊቱን የት ነበር የምታድሩት? በዛፍ ሥር ነበር? አብረውህ ከሠሩት የታመመ አለ?» እነዚህ ጥያቄዎች የዜግነት መልስ አይሹም። ሐኪሙ የሚፈልገውን ግን ሁሉንም ይሰጣሉ። ቃሉንም መጠበቅ አለበት፤ የሕመምተኛ ምሥጢር ከሆስፒታል ግቢ አንድ ጊዜ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ቀን የሚመጣው ሕመምተኛ ዝም ይላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም ጨርሶ አይመጣም።

ሕመምተኛውም በተራው ይጠይቃል። ተማሪው አፉን ሲከፍት አነጋገሩ እንግዳነቱን ያጋልጠዋል፤ «አንተስ ልጄ፣ ከወዴት ነህ?» ይባላል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፤ ክብራቸውን የሚነካ፣ ችሎታቸውን የሚያስጠረጥር ይመስላቸዋል። ሆኖም በቀናነት የተመለሰ እንደሆነ ከየትኛውም ማስተዋወቂያ ይልቅ በር ይከፍታል። ከሩቅ የመጣ ሐኪም ከሩቅ የመጣን ሕመምተኛ ሲያገኝ፣ ሁለቱም በሰው አገር እንዳሉ ሲተዋወቁ፣ የቀረው ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይጎተት ይመጣል።

በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውታል። እ.ኤ.አ. በ1865 ግድም ከዚህ ድንበር ብዙም ባልራቀችው በጎንደር ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለውም በሌላ ስም አደጉ። በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን እ.ኤ.አ. በ1882 ጨረሱ፤ ቀጥለውም በስኮትላንድ ተምረው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አማርኛ አይችሉም ነበር፤ የገዛ ወገናቸውን የሚያነጋግሩት በአስተርጓሚ ነበር። ዘመዶቻቸው ያወቋቸውም በልጅነታቸው በሰውነታቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ነው። ካላዛር የሚለው ስም ራሱ እርሳቸው ካደጉበት ከሕንድ የመጣ ነው፤ ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። በሽታውም፣ ሐኪሙም፣ የሁለቱም ስም ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው።

ዛሬ ጥያቄው ወደ ጠያቂዎቹ ዞሯል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ የከተማይቱ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ የሕክምና ተማሪዎቿም ተበተኑ። በካርቱም ከሚገኘው የሕክምና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተወሰኑት በዚያው ዓመት ወደ ሩዋንዳ ተሻግረው ትምህርታቸውንና የሆስፒታል ልምምዳቸውን በዚያ ቀጠሉ። ለዘመናት ስደተኛ ስትቀበል የኖረች አገር ልጅ በኪጋሊ ዋርድ ውስጥ «ከወዴት መጣህ?» ይባል ጀመር። ሌሎች ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው በዚያው ዓመት በኩመር ሰፈር ተጠለሉ። ገዳሪፍም ከካርቱም፣ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ከወድ መደኒ የሸሹትን ተቀበለች። ወረፋው ላይ የቆመው የኡም ጋርጉር አዛውንትና የካርቱሙ መምህር በአንድ የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ይጠብቃሉ።

ከዚህ የሚወሰድ ጥቂት ቁም ነገር አለ። ልጁን ለሕክምና ትምህርት የሚልክ ወላጅ፣ ልጁ በቤት ትግረ ወይም ትግርኛ፣ በትምህርት ቤት አረብኛ፣ በገበያ ከወቅት ሠራተኞች ጋር አማርኛ ሲናገር ማደጉን እንደ መዘበራረቅ አይቍጠርበት። ያ ልጅ ሌላው ተማሪ በአስተርጓሚ የሚፈልገውን በገዛ ጆሮው ይሰማል፤ የተጠያቂውንም ፍርሃት ከቤቱ ያውቀዋል። ታሞ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰውም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለበት ወባ ተገኘብኝ ብሎ ብቻ አይርካ፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ ከተመለሰ ተመልሶ ይሂድ። የት እርሻ እንደሠራ፣ የት ሜዳ እንዳደረ፣ በየትኛው ወር እንደነበረ ባይጠየቅ እንኳ ራሱ ይናገር። ከዳነም በኋላ በቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣበት ይመለስ፤ በሱዳን ከካላዛር ከዳኑት መካከል ብዙዎቹ ላይ ይህ ይታያልና፣ ቀላል ቢመስልም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ተማሪው ደግሞ የልምምዱን ጊዜ ፈጽሞ ሲሄድ የምስክር ወረቀቱ ስንት ሕሙማን እንዳየ ይመሰክርለታል። ስንቶቹ የት እንዳደሩ በእውነት እንደነገሩት ግን በወረቀት ላይ አይሰፍርም። እርሱ ራሱ ያውቀዋል፤ ወባ ተብለው ሊሸኙ ሲሉ ጣፊያቸው ተዳስሶ በጊዜ የተረፉትም ያውቁታል።